በቀዝቃዛ ውኃ ባስን በሚንቀጠቀጥ የብረት ማባበያ ማጥመድ

በጅማና በአካባቢዋ ስለ አሳ ማጥመድ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ መረብ፣ ካልሆነም ትል ወደተሰካበት መንጠቆ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ግን ከሁለቱም የተለየ፣ ምንም ምግብ የማይሰካበት፣ ውኃ ውስጥ ሲሳብ በመንቀጥቀጡ ብቻ አሳን የሚጠራ ቀጭን የብረት ማባበያ ነው። ማባበያው በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን አሜሪካ ባስ የተባለውን አሳ በቀዝቃዛ ወራት ለማጥመድ ሲሆን፣ እኔም አጠቃቀሙን የተማርኩት አንድ ዓመት ከመስከረም እስከ ኅዳር ሚኒሶታ እኅቴ ዘንድ በቆየሁበት ጊዜ ነው። ወደ ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ በዚያው ዘዴ በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳር ስሠራበት ቆይቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በብርድ አገር ለሚኖሩና ባስን ለማጥመድ ለሚፈልጉ ወገኖች ቢሆንም፣ ለእኛ ውኃ የሚስማማውንም እግረ መንገዴን አመለክታለሁ።

በዋናነት የሚጠመዱት የባስ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ባለትልቅ አፉ ባስ አፉ ሲዘጋ የላይኛው መንጋጋው ከዓይኑ ኋላ አልፎ ይዘልቃል፤ የባለትንሽ አፉ መንጋጋ ግን ከዓይኑ አያልፍም። የባለትልቅ አፉ የዓለም ክብረ ወሰን በ1932 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ተመዝግቦ በ2009 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቢዋ ሐይቅ የተስተካከለ ሲሆን፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የባለትንሽ አፉ ደግሞ በ1955 እ.ኤ.አ. በቴነሲና በኬንታኪ ወሰን ላይ ባለው ዴል ሆሎው ሐይቅ የተያዘው 5.4 ኪሎ ግራም ገደማ የመዘነ አሳ ነው። ባለትንሽ አፉ ቢያንስም ድንጋያማና ጥልቅ ቦታ ስለሚወድ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ለብረት ማባበያ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው እርሱ ነው።

ዘዴውን ለመረዳት በቅድሚያ ቅዝቃዜ አሳውን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል። የአሳ የሰውነት ሙቀት ከውኃው ሙቀት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ የባስ ምግብ የመፍጨት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ረሃቡም ያንሳል፤ በሙቀት ወራት እንደሚያደርገው ማባበያን ሩቅ ተከትሎ አይሮጥም። ሆኖም መብላቱን ፈጽሞ አያቆምም። በዚህ ወቅት ምግብ የሚሆኑት ትናንሽ አሳዎችም በብርዱ ይደክማሉ፤ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ ሲሞቱም ጥቂት ተንቀጥቅጠው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ደግሞ ጥቂት ይነሣሉ፣ ተመልሰውም ይወርዳሉ። የብረት ማባበያው የሚመስለው ይህንኑ በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ትንሽ አሳ ነው። ባስ በጎንና በጎኑ በተዘረጋው የጎን መስመር በሚባለው የስሜት አካሉ የውኃን ንዝረት ስለሚሰማ፣ ውኃው ቢደፈርስ እንኳ የብረቱን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል።

አሳው የት እንደሚገኝም የሚወስነው ያው ቅዝቃዜ ነው። ውኃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በመሆኑ፣ ላይኛው ውኃ እየቀዘቀዘ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሐይቁም ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል፤ ከ4 ዲግሪ በታች የወረደው ግን ቀሎ ከላይ ይቀራል፤ በረዶም ከላይ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው ከተደባለቀ በኋላ ባስ ቀስ በቀስ ወደ ጥልቁ እየተሰበሰበ፣ በተለይ ዳገቱ በድንገት ወደሚወርድበት ዳር፣ ወደ ውኃ ውስጥ የገባ የመሬት አፍንጫ ጫፍ፣ በግድብ ሐይቅም ወደ ቀድሞው የወንዝ መውረጃ ጠርዝ ይጠጋል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት መፈለግ ተገቢ ነው። አንድ አሳ ከተያዘበት ቦታ ላይ ቶሎ መነሣት አይገባም፤ በብርድ ጊዜ ባስ ተጠጋግቶ ስለሚቆም፣ ከአንዱ አጠገብ ሌሎች መኖራቸው የሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ማባበያው የትንሽ አሳ ቅርፅ ያለው ስስ የብረት ሳህን ነው፤ ከሆዱ በታች፣ ወደ ራሱ በኩል፣ እርሳስ ተጣብቆበታል፤ ሆዱ ላይና ጅራቱ ላይ መንጠቆ ይንጠለጠላል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ተደርድሮበታል። ክሩ የሚያያዘው አፉ ላይ ሳይሆን ከጀርባ ቀዳዳዎች በአንዱ ነው፤ ምስጢሩም በዚህ ላይ ነው። ከማሰሪያው ፊት ለፊት ያለው የጀርባ ክፍል ሲሳብ ውኃውን ይገፋል፤ ውኃውም አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ስለሚያመልጥ ሳህኑ በፍጥነት ይወዛወዛል፤ ከታች ያለው እርሳስ ደግሞ እንዳይገለበጥ ይይዘዋል። ለራሱ የቀረበው ቀዳዳ ጠባብና ፈጣን ንዝረት ሲሰጥ፣ ወደ ጅራት የራቀው ቀዳዳ ሰፊና ጠንካራ መወዛወዝ ይሰጣል። ውኃው ጥርት ብሎ አሳው በጣም ከደነዘዘ የፊተኛውን፣ ውኃው ከደፈረሰ የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ጀማሪ ግን በመካከለኛው ቢጀምር አይሳሳትም።

ክሩን በቀጥታ ቀዳዳው ላይ ማሰር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የብረቱ ጠርዝ በየንዝረቱ እየሞረደ ይበጥሰዋልና። በመካከሉ ተከፍቶ የሚዘጋ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ትንሽ የሽቦ ማያያዣ መኖር አለበት። የሚሽከረከር ማያያዣ ግን አያስፈልግም፤ ሲወርድ መንጠቆው ይጠመጠምበታል፤ ንዝረቱንም ያደነዝዛል። ክብደቱን በተመለከተ 7 ግራም ለጥልቀት አልባ ዳር፣ 10 እና 14 ግራም ለአብዛኛው ሥራ፣ 21 ግራም ደግሞ ለጥልቅና ነፋስ ለበዛበት ውኃ ይሆናል። ቀለም ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነገር ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ብርማና ወርቅማ የሆኑት ሁለቱ ይበቃሉ፤ ጥርት ላለ ውኃ ብርማው፣ ለደፈረሰው ወርቅማው።

ዘንጉ 2 ሜትር ገደማ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ ጫፉ ግን ንዝረቱን እስከ መዳፍ ለማስተላለፍ የማይሰንፍ ይሁን። የተጎነጎነ ቀጭን ክር የማይለጠጥ ስለሆነ ንዝረቱን ከሁሉ ይልቅ ያሳውቃል፤ ጫፉ ላይ ፍሎሮካርቦን ከሚባለው የፕላስቲክ ክር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢቀጠልበት ደግሞ ድንጋይ ላይ ሲታሽ ይቋቋማል፤ ለአሳውም ጎልቶ አይታይም። ተራው ናይለን ክር ይለጠጣል፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ጀማሪው መማር የሚገባውን ስሜት ይሰርቀዋል።

የአጠቃቀሙ ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፦ አሳው የሚይዘው ብረቱ ሲነሣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ይህን ያስተማሩኝ የእኅቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ የአገራችን አዛውንት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጀልባ ላይ ቆሜ ማባበያውን ጣልኩና ማጠንጠኛውን ያለ ማቋረጥ መጠቅለል ጀመርኩ፤ ንዝረቱ እጄን ስለነዘረኝ በትክክል እየሠራሁ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ዘንጌን በእጃቸው ያዝ አድርገው፣ «ቆይ ልጄ፣ የምን ጥድፊያ ነው? ከታች ያለው እኮ በብርድ የደነዘዘ ነው፤ አንተ ጋ ድረስ አይመጣም። ብረቱን አንሥተህ መልሰህ አውርድለት፤ ሲወርድም አትልቀቀው፣ አብረኸው ውረድ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ እንዳሉኝ ሳደርግ ለሁለት ሰዓት ያህል ምንም ያልነካው ብረት በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሳ ያዘ።

ዝርዝሩ የሚከተለው ነው። ማባበያውን ጥለው መሬት እስኪነካ ይጠብቁ፤ መንካቱ የሚታወቀው ተወጥሮ የነበረው ክር በድንገት ሲላላ ነው። ከዚያ የላላውን ክር ጠቅልለው የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ጠቆም አድርገው ይያዙ። አሁን ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያንሡ፤ ልኩ ብረቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ መዳፍዎ ላይ መሰማቱ ነው፤ ከተሰማ በኋላ ማንሣቱ ይቁም። ቀጥሎ የዘንጉን ጫፍ ከሚወርደው ብረት ጋር እኩል ያውርዱ። ክሩ በጣም ከተወጠረ ብረቱ ወደ እርስዎ እየተወዛወዘ ስለሚመጣ እንደሚሞት አሳ አይወርድም፤ በጣም ከላላ ደግሞ መንጠቆው ከክሩ ጋር ይጠላለፋል፤ አሳው ቢነካም አያውቁትም። ክሩ ከውኃው ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሎ መታየቱ ትክክለኛው ሁኔታ ነው። መሬት ሲነካ ጥቂት ቆም ብለው እንደገና ይጀምሩ።

ውኃው ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ባለበት ጊዜ አነሣሡ እስከ ግማሽ ሜትር ቢደርስ፣ ማቆያውም አጭር ቢሆን ይቻላል። ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ከአንድ ስንዝር ማለፍ አያስፈልግም፤ መሬት ላይም አምስትና ከዚያ በላይ ሰከንድ ማቆየት ይገባል። ቴርሞሜትር መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ እጅ ውኃ ውስጥ ነክሮ «ቀዝቅዟል» ማለት በ9 እና በ4 ዲግሪ መካከል ያለውን ልዩነት አይነግርም፤ ለአሳው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አሳው ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚጎትት አይምሰልዎት። ለማንሣት ሲሞክሩ ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ እንደረጠበ ጨርቅ ይከብዳል፤ ወይም ሲወርድ የነበረው ክር ከመድረሻው ቀድሞ ቆሞ ይገኛል፤ ወይም ወደ ጎን ጥቂት ይንሸራተታል። ከሦስቱ አንዱ ከታየ በኃይል ሳይመነጭቁ ዘንጉን በሰፊው ወደ ጎን ይሳቡ። መንጠቆው ትንሽና ስለታም ስለሆነ በራሱ ይገባል፤ በኃይል መመንጨቅ ግን የአሳውን አፍ ቀድዶ ያስጥላል። ይህ ብረት ከባድ በመሆኑ አሳው ራሱን ሲያራግፍ ክብደቱን ተጠቅሞ መንጠቆውን ሊያስወጣ ስለሚችል፣ እስከ መጨረሻው ክሩ ሳይላላ መጠቅለል፣ የዘንጉንም ጫፍ ዝቅ አድርጎ አሳው ከውኃ እንዳይዘል መከላከል ያስፈልጋል።

ድንጋያማ ቦታ ላይ ብረቱ መያዙ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከመጎተት ይልቅ ክሩን አላልቶ ጫፉን መነቅነቅ ይሻላል፤ የእርሳሱ ክብደት እንደ ትንሽ መዶሻ ወደ ኋላ እየመታ ብዙ ጊዜ ራሱን ያስለቅቃል። አልላቀቅ ካለ ጀልባውን ከያዘበት በተቃራኒ በኩል አዙሮ መሳብ ነው። ሆዱ ላይ ያለውን ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ በባለአንድ ጫፍ መተካትም የሚያዝበትን ጊዜ በብዙ ይቀንሳል።

በብርድ አገር ለሚያጠምድ ሰው ስለ ራሱም ደኅንነት መናገር ግዴታዬ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የወደቀ ሰው ትንፋሹ በድንገት ይቆራረጣል፤ እጁም በደቂቃዎች ውስጥ ይከዳዋል፤ ዋና ማወቅ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬት ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን ተለብሶ ይገኝ። ፈቃድ ማውጣትና የወቅቱን ደንብ መጠየቅም የሚታለፍ አይደለም፤ ከዚህም ጋር በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በእርሳስ የተሠራ ትንሽ ማጥመጃ የተከለከለ ነው፤ ሉን የሚባለው ጠላቂ ወፍ፣ የሚኒሶታም መለያ ወፍ የሆነው፣ እርሳሱን ውጦ ስለሚመረዝ ነው። አየሩ ከዜሮ በታች ሲሆን የዘንጉ ቀለበቶች በረዶ ይይዛሉ፤ ጫፉን ውኃ ውስጥ ጥቂት ነክሮ ማውጣት ይበቃል፤ በጣት መሰባበር ቀለበቱን ይጎዳል።

ወደ ጅማ ስመለስ ይዤ የመጣኋቸው ብረቶች አምስት ነበሩ፤ አራቱን የጊቤ ጉቶዎች ወሰዷቸው። በሱቅ የሚገኝ ስላልሆነ እዚሁ ማሠራት ጀመርኩ፤ ብዙም ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ወይም ናስ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ መካከሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ተደርጎ በአሳ ቅርፅ ይቆረጣል፤ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሚሳሳና ስለሚታጠፍ አይሆንም። ሞርሳ ላይ ታስሮ ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል፤ ጀርባው ላይ ሦስት፣ ሆዱና ጅራቱ ላይ አንዳንድ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ቀዳዳ ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። መንጠቆዎቹ የሚንጠለጠሉት እንደ ቁልፍ መያዣ በተጠማዘዘ ትንሽ ቀለበት ነው። እርሳሱን የማገኘው ጎማ ቤት ከሚጣሉት የጎማ ማመጣጠኛዎች ነው። ፈጽሞ አላቀልጠውም፤ የእርሳስ ጭስ መርዝ ነው፤ በተለይ ሕፃናት ላሉበት ቤት አደገኛ ነው። ይልቁንም በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ በሆዱ ጠርዝ ላይ ከግራና ከቀኝ አጥፌ፣ በሁለት ሪቬት እመታዋለሁ፤ ከሥራውም በኋላ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ምግብ አልነካም።

የመጀመሪያውን ስሠራ እርሳሱን መካከል ላይ አድርጌው ነበር። ብረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተኝቶ መጣ፤ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። እርሳሱን ከመካከል ወደ ራሱ በኩል አንድ ጣት ያህል ሳስጠጋው ግን ከመጀመሪያው ስበት ጀምሮ ነዘረ። ስለዚህ ሪቬቱን ከመምታትዎ በፊት እርሳሱን በክር ብቻ አስረው በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ቢሞክሩት ድካም ይቀንስልዎታል።

ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፎ የሚገኘው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጊቤ ኃይል ማመንጫ የፈጠረው ነው። ባስ የለበትም፤ ውኃውም በሚኒሶታ ሚዛን ቀዝቃዛ አይባልም። ያሉት ሁለት አሳዎች ናቸው፤ አንዱ የስምጥ ሸለቆ አጥማጆች ቢልጫ የሚሉት ባርበስ፣ ሌላው ቆሮሶ (ቲላፒያ)። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው ከውኃ ዕፅዋት ስለሆነ ለብረት ግድ የለውም፤ ቢልጫ ግን ትንንሽ አሳም ስለሚበላ ይይዛል፤ ደለል ውኃውን በሚያደፈርስበት ጊዜም በንዝረቱ ያገኘዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብርዳማ ማለዳ፣ ጭጋጉ ከውኃው ላይ ሳይነሣ፣ ዘገምተኛው አነሣስ በደንብ የሚሠራበት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ግን አሳው ስለሚነቃ ከፍና ፈጠን ማድረግ ይገባል። የቢልጫ ከንፈር ሥጋማና ወደ ፊት የሚዘረጋ በመሆኑ ባለአንድ ጫፍ መንጠቆ ይበቃል። ጉማሬ ባለበት ዳር አለመቆም፣ ከመሸ በኋላም ስለ ወባ ትንኝ ማሰብ ያሻል።

አንዳንድ ሰው «ባስን ራሱን አምጥተን ብንጨምረውስ?» ሲል ሰምቻለሁ። ይህን በጥብቅ እቃወማለሁ። ባስ ሆዳም አዳኝ ነው፤ በጓቲማላ በአቲትላን ሐይቅ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጨመር የአገሬውን ትንንሽ አሳ ከማጥፋቱም በላይ፣ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖር የነበረው ጠላቂ ወፍ ለመጥፋቱ አንዱ ምክንያት ሆኗል። ባስን ማየት የሚፈልግ ቀድሞውኑ ወደገባበት ወደ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ይሂድ፤ የጊቤ ውኃ ግን ለቢልጫ ይተውለት።

ባስ ሲያዝ የታችኛው ከንፈሩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል፤ ከበድ ካለ ሌላው እጅ ከሆዱ ሥር ይደገፍበት እንጂ በመንጋጋው ብቻ አግድም አይንጠልጠል። መንጠቆው በፒንሳ ይወጣል፤ ማባበያው ከባድና ባለብዙ ጫፍ ስለሆነ አሳው ሲወራጭ ጣትን እንዳይወጋ የብረቱን ሆድ በፒንሳው ቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ከ9 ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት የወጣ አሳ የውስጥ የአየር ከረጢቱ ስለሚነፋ ወደ ታች መመለስ ሊያቅተው ይችላል፤ ስለዚህ የሚለቁት ከሆነ ፎቶ ለማንሣት ሳያዘገዩ ይመልሱት፤ ለመልቀቅ ካሰቡም ከመጀመሪያው ከ9 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ያጥምዱ። ማታ ቤት ሲገቡ ብረቶቹን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ እያንዳንዱን ለብቻው ያስቀምጡ፤ የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍርዎ ላይ ሲያስነኩት የሚንሸራተት ከሆነ ስለቱ ሄዷልና በሞረድ ይሳሉት ወይም ይቀይሩት።